ዝም ያለችው የእናኑ ልጅ

እናኑ ልጇን እጇን ይዛ ከሆስፒታሉ በር ስትደርስ ዘበኛው "ግቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?" አላት። አልገባችም። የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች ቆመች። የመንግሥት በር ባየች ቁጥር ወደ ኋላ መመለስ ያምራታል። ዘመኑም ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጎንደር ላይ የመንግሥት በር የማይፈራ ሰው አልነበረም። ቀበሌ የተጠራ ሁሉ ተመልሶ አይመጣም፤ ተመልሶ የመጣውም እንደ ድሮው አያወራም።

ልጅቱ እንኳየሁ ትባላለች፤ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ቤቱን ጥሎ ከወጣ ወዲህ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም። ታለቅሳለች እንዳይባል እንባ የላት፣ ታማለች እንዳይባል ትኩሳት የላት። ዝም ብቻ። እናኑ ጠበል ወስዳታለች፤ ሁለት ሱባዔ አስጠምቃታለች፤ ደብተራ ክታብ ጽፎ አንገቷ ላይ አስሮላታል። ልጅቱ ግን ክታቡን እያሻሸች ዝም። በኋላ የትምህርት ቤቷ አስተማሪ እናኑን አስጠርቶ፣ "ሆስፒታል አንዲት ሲስተር አለች፤ ቤት የፈረሰባቸውን ልጆች ታያለች፤ ውሰጃት" አለ። ይኸው ነው ያመጣት።

እናኑ የዳባት ገጠር ልጅ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ ከእንዝርት አይለይም ነበር፤ ፈትሏ ቀጭን ስለሆነ ሸማኔ ይሻማበታል። መንገድ ዳር ፈትል ይዛ ቆማ ያያት አንድ የጭነት ማኪና ነጂ ሽማግሌ ላከ፤ ክንዱ ይባላል። ክንዱ የእህል ነጋዴ ማኪና እየነዳ ከጎንደር አዲ አርቃይ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ሲወርድ ሽቅብ ሲወጣ የሚኖር ሰው ነው። አግብቶ ጎንደር አስገባት። ሸጋ ኑሮ ኖሩ ማለት አይቻልም፤ ክፉ ኖሩም አይባል። እሱ ከመንገድ ሲመለስ ይተኛል፤ እሷ ትፈትላለች። ወሬያቸው እያደር አለቀ። ያም ሆኖ ቤት ነበር።

ያፈረሰው ቢያዝን የሚባለው ነው፤ የእናኑ ታናሽ ወንድም። ተማሪ ነበር። ወረቀት በትኗል ተብሎ ሲፈለግ፣ ክንዱ መንገድ በሄደበት ሰሞን እናኑ ቤት መጣና ከጎታው ኋላ አስተኛችው። በላዩ የእህል ጆንያ ደረበችበት። እንኳየሁ ሁሉንም አይታለች። እናኑ ልጅቱን ከፊቷ አስቀምጣ፣ "ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለአባትሽም ቢሆን። ከተናገርሽ አባትሽን እናጣዋለን" አለቻት። እውነቷን ነው፤ የተደበቀ ሰው የተገኘበት ቤት አባወራው ነው መጀመሪያ የሚወሰደው። ክንዱ ከመንገድ ተመለሰና በዚያው ዕለት ነገሩን አወቀ። እንዴት እንዳወቀ እናኑ አልጠየቀችም፤ ጆንያው ተነቃንቆ አይቶ ይሆናል ብላ ተወችው። "ወይ ወንድምሽ ወይ እኔ" አላት። የቆየውም ቂም አብሮ ወጣ። ሲነጋጋ ክንዱ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። ወንድሟ ቢያዝንም ወደ አርማጭሆ ነው ወዴት እንጃ፣ በዚያው ሳምንት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ፍቺው ለሽማግሌ ቀረበ። በእነሱ አገር ደንብ አንዱ ከፋይ አንዱ መራጭ ይሆናል። ንብረቱን አንዱ ከሁለት ይከፍለዋል፤ ሌላው ያሻውን ወገን ያነሣል። ከፋዩ አንዱን ወገን አሳንሶ አይከፍልም፤ የትኛው እንደሚደርሰው አያውቅማ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን እስኪጨርሱ ድረስ ደግሞ ተጣዪዎቹ ያለ ዋስ አይገናኙም። ዘመኑ አዲስ ነውና ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት በቀበሌው አዳራሽ፣ በሊቀመንበሩ በጓድ አንዳርጋቸው ፊት ነው። ጓድ አንዳርጋቸው በመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ነገር ጨመረ።

"ልጅቱን ራሷን እንጠይቃለን" አለ። "አብዮቱ ለሕፃናትም መብት ሰጥቷል። መራጯ እሷ ትሁን። መሀል ትቁምና ከእናቷ ወይ ከአባቷ ትበል።"

"አትናገርም እኮ፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለች እናኑ።

"ትናገራለች። የማይናገር ሰው አይተን አናውቅም።"

ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር። እናኑ ያችን ፈገግታ ይዛት ቤቷ ገባች፤ ይዛት ተኛች፤ ይዛት ተነሣች። ልጅቱ በዚያ አዳራሽ አፏ ቢፈታስ? መጀመሪያ የምትናገረው ስለ ማን ይሆን? ካልተፈታ ደግሞ ልጇ ድዳ ሆና መቅረቷ ነው። በሁለት ገደል መሀል ቆመች።

በመጨረሻ የሆስፒታሉን በር አልፋ ገባች። አስተማሪው ያላት ሲስተር ሸዋረጋ ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች ሴት ናት። ክፍሏ ውስጥ መርፌም ጠርሙስም የለም። ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ምንጣፉ ላይ የቆርቆሮ ክዳን፣ የገል ስባሪ፣ የቆሎ ጣሳ፣ አሸዋ፣ ቅጠል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተበትኗል። ልጆች ጓሮ ለጓሮ የሚጫወቱበት የእቃ እቃ ዕቃ ነው እንጂ የሐኪም ዕቃ አይመስልም።

"መርፌ አይወጓትም?" አለች እናኑ።

"አልወጋትም።"

"ክኒንስ?"

"ክኒንም የለኝ። እቃ እቃ ነው የምንጫወት።"

እናኑ ሳቅ መጣባት፤ ግን ፈራችና ዋጠችው። ለእቃ እቃማ ምነው ከቤቷ በቀረች። ሲስተር ሸዋረጋ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። "እኔ እንግዳ ነኝ። ከሩቅ አገር መጣሁ። ደክሞኛል" አለች ለልጅቱ። እንኳየሁ ቆማ አየቻት። ብዙ ቆይታ ተቀመጠች። አሸዋ በክዳን ሰፈረች፤ ቅጠል ቀነጠሰችበት፤ ለእንግዳዋ አቀረበች። ሲስተሯም "ይኼ ወጥ እንዴት ያለ ሸጋ ነው" እያለች እንደበላ ሰው አፏን አላመጠች።

እናኑ በሩ አጠገብ ሆና ስታይ ጥቂት ልቧ ተረጋጋ። ልጅቱ ቤቱን ትሠራለች። ይኼ ምድጃ፣ ይኼ መደብ፣ ይኼ ጣሳ ጎታው። ከዚያ አንድ የበቆሎ ቆረቆንዳ አነሣች። ወዲያ ወዲህ አየች። ቆረቆንዳውን ከጣሳው ኋላ አጋደመችና በላዩ ቅጠል ደረበችበት። ቅጠሉንም በመዳፏ ጫን ጫን አደረገች።

እናኑ ወደ ምንጣፉ አንድ እርምጃ ተራመደች።

"ይኼ የተኛው ማነው?" አለች ሲስተር ሸዋረጋ፣ በቀስታ።

"ደክሟታል!" እናኑ ዘላ ገባች። ልጅቱን ከምንጣፉ አነሣቻት። "ቤታችን ሩቅ ነው፤ ይመሽብናል ሲስተር፤ ሌላ ቀን አመጣታለሁ።"

"ገና ረፋድ ነው እኮ" አለች ሲስተሯ። አልተቆጣችም። "ሐሙስ አምጫት።"

ሐሙስ አላመጣቻትም። የሚቀጥለውም ሐሙስ አለፈ። ጎረቤቷ እቴነሽ ጠላ ሻጭ ናት፤ የከተማው ወሬ ሁሉ በእሷ ማጥለያ ነው የሚያልፈው። ነገሩን በሰማች ጊዜ እናኑ ደጃፍ መጥታ ተቀመጠች።

"የት ነው የወሰድሻት አልሽኝ? ሸዋረጋ ዘንድ?"

"አዎን። ምነው?"

"ምነው ትያለሽ? የጓድ አንዳርጋቸው የአክስት ልጅ አይደለችም እንዴ? አንድ ቤት ነው ያደጉት። አንቺ ሴት፣ ጅብ ዘንድ ሥጋ አደራ ሰጠሽ?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"እሱ በዱላ የሚያናግረውን እሷ በእቃ እቃ ታናግርለታለች ይላሉ። እኔ አላልሁም፤ ይላሉ ነው የምልሽ።" እቴነሽ ይህን ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለመሆኑ ልጅቱ ምን ሠራች እዚያ?"

"ወጥ ሠራች" አለች እናኑ። ሌላ አላለችም። ለእቴነሽም ቢሆን ጎታውን አልነገረቻትም።

ልጅቱ እየከሳች ሄደች። የቀረበላትን እፍኝ ታህል ቀምሳ ትተዋለች። ትምህርት ቤትም መሄድ ተወች፤ እናቷ ስትፈትል እግሯ ሥር ተቀምጣ ልቃቂቱን ታያለች። እናኑ ወደ ጓሮ ስትወጣ ተከትላ ትወጣለች፤ ገበያ ስትሄድ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ እናኑ ውኃ ልትቀዳ ብቻዋን ወጥታ ስትመለስ ልጅቱን ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘቻት፤ ከንፈሯን ነክሳ ነክሳ አድምታዋለች። እናኑ ይህን ስታይ ነገሩ ገባት፤ አባቷን አጣች፣ አሁን እኔን እንዳታጣ ነው የምትጠብቀኝ አለች በልቧ።

ጥምቀት አለፈና በሰሞኑ አሰሳ መጣ። በጠራራ ፀሐይ አብዮት ጥበቃዎች ሰፈሩን ከበቡት። ከእናኑ ቤት ሦስት ሆነው ገቡ። አልጋውን ገለበጡ፤ ጎታውን በሳንጃ ወጉት፤ እህሉ ወለሉ ላይ ተንሿሿ። እናኑ ግድግዳ ተደግፋ፣ "ምንም የለ ወንድሞቼ፤ ሴትና ልጅ ብቻ ነን" ትላለች። አንደኛው፣ ጺሙ ገና ያልበቀለ ልጅ እግር፣ እንኳየሁ ፊት በርከክ አለ።

"ሚሚ፣ እናንተ ቤት ማን ይመጣል? አጎት የለሽም?"

ልጅቱ አየችው። ዓይኗን አልሰበረችም። ዝም።

"ንገሪኝ፤ ከረሜላ እሰጥሻለሁ።"

ዝም።

"ድዳ ናት እንዴ?" አለ ወደ እናኑ ዞሮ።

"ድዳ ናት" አለች እናኑ። "ድዳ ናት ጌታዬ።"

ወጡ። እናኑ የፈሰሰውን እህል ልትሰበስብ ተንበረከከች። ያን ጊዜ ነው ደስ እንዳላት ያወቀችው፤ ልጄ እንኳንም አልተናገረች ብላ ነበር በሆዷ። ደስታዋን ባወቀች ጊዜ እጇ እህሉ ላይ ቀረ። ምን ዓይነት እናት ነኝ አለች። የልጇን አፍ እንደ በር መዝጊያ ቆጥራ በላዩ ላይ ልትተኛበት። ልጅቱ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጣ እህሉን አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ ድዳ ተብላ እንደሆነ እንኳ የሰማች አትመስልም።

በነጋታው ልጅቱን ይዛ ሆስፒታል ሄደች። በዚያ ቀን ዘበኛው ምንም ሳይላት ነው የገባችው። ከሲስተር ሸዋረጋ ፊት ቆመች፤ መቀመጥ ግን አልቻለችም።

"እርስዎ የጓድ አንዳርጋቸው ዘመድ ነዎት?" አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች።

ሲስተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። "የአክስቱ ልጅ ነኝ። ይኼን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያ ነሽ፤ ሌላው ሁሉ በሆዱ ይዞት ይቀራል።"

"እንግዲያውስ ይማሩኝ።"

"ቁጭ በይ እናኑ። እኔ የሰው ስም አልፈልግም። ከጎታ ኋላ ማን ተኛ አልልሽም፤ ያን ቀን መጠየቄም ጥፋት ነበር፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው። እኔን የሚጨንቀኝ የተኛው ሳይሆን ቅጠሉን የምትጫነው ልጅ ናት።" ዝቅ ብላ ወደ እንኳየሁ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። "ቤት ሲፈርስ ልጆች እኔ ነኝ ያፈረስኩት ይላሉ። አንዷ ማሰሮ ሰብሬ ነው ትላለች። አንዱ አልጋ ላይ ሸንቼ አባቴ ተናዶ ሄደ ይላል። የእኛ ልጅ ምን አድርጌ ነው የምትል ይመስልሻል?"

እናኑ ወደ ልጇ ዞረች። "እንጃ" አለች። ከዚያ ግን የተናገረችው ቃል ራሱ መጣባት፤ ከተናገርሽ አባትሽን እናጣዋለን።

"ዝም በይ ያልኋት እኔ ነኝ" አለች።

"ዝምታውን ያሰርሽው አንቺ ከሆንሽ የምትፈቺውም አንቺ ነሽ። ግን ብቻሽን አይሆንም። አባቷም ይምጣ። ሁለታችሁም ከፊቷ ተቀምጣችሁ በገዛ አፋችሁ ንገሯት፤ አባትሽ የሄደው በአንቺ አይደለም በሏት። የእኔ ቃል አይበቃትም።"

"ሽማግሌ ሳይጨርስ እንዴት አድርጌ እገናኘዋለሁ? ደንብ አይደለም።"

"ቀጠሯችሁ መቼ ነው?"

"ሰኞ። ልጅቱን ቀበሌ አዳራሽ አቁመው ሊጠይቋት ነው።"

"ሰኞ ያን አዳራሽ እንዲህ ሆና ከገባች" አለች ሲስተሯ፣ ቀጥሎ ያለውን ግን አልተናገረችውም።

ክንዱ ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። እናኑ ልጅቱን እዚያው ሆስፒታል ሲስተሯ ዘንድ ትታ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ሄደች። ማኪናውን ከቤቱ ደጃፍ አቁሟል። እሱን ስትፈልግ ሁለት እግሮች ከማኪናው ሥር ወጥተው አየች። ጫማውን ለየችው፤ ተረከዙን እሷ ናት ያሰፋችው።

"ክንዱ።"

የብረቱ ድምፅ ቆመ። "ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ዋስ ይዘሽ ነው የመጣሽ?"

"እኔን ብሎ ዋስ የሚሆን ማን ይገኛል ዛሬ።"

"ታዲያ ሂጂ። ሽማግሌ ቢሰማ ጥፋቱ በእኔ ነው የሚላከክ። አብዮት ጥበቃ ቢያይ ደግሞ ምን ተማከሩ ይላል።"

"ውጣና አናግረኝ።"

"እዚሁ ይሻለኛል።"

እናኑ እግሮቹን እያየች ነገረችው፤ ልጅቱ እንደከሳች፣ አብዮት ጥበቃዎች ቤቱን እንዳሰሱት፣ ልጄ ድዳ ናት እንዳለቻቸው፣ ሲስተሯ ያለችውን። እግሮቹ አልተነቃነቁም። "አጥፍቻለሁ ብላ ነው ዝም ያለችው ትላለች ሲስተሯ። ምን አጠፋች? አንተ ታውቃለህ?"

ክንዱ በጀርባው ተንፏቆ ወጣ። ፊቱ ዘይት ነክቶታል። አላያትም፤ በጨርቅ እጁን ይጠርጋል።

"ማን ነገረህ ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም" አለ።

"ጆንያውን አይተህ መስሎኝ።"

"ምን ጆንያ። እሷ ናት። ሸንኮራ አምጥቼላት ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ እየመጠጠች፣ 'አጎቴ ከጎታው ኋላ ተኝቷል፤ ሸንኮራ ስጠው' አለችኝ።" ጨርቁን አጣጠፈ። "አልተቆጣኋትም። ከጉልበቴ አወረድኋት። ይኸው ነው ያደረግሁ። አወረድኋትና ተነሣሁ።"

እናኑ የማኪናውን ጎማ ይዛ ቆመች።

"ወንድምሽን ጠልቼ አይደለም" አለ ክንዱ። "ፈራሁ። ሊማሊሞ ላይ ፍሬን ቢበጠስ አልፈራም፤ ያን ጊዜ ግን ፈራሁ። እናንተን ጥዬ ስወጣ ማንም አልጠቆምሁም፤ ግን ወጣሁ። ይኼን ለልጅ እንዴት ተደርጎ ይነገራል?"

"እንዲሁ ለእኔ እንዳልኸው።"

"ያች ሴትዮ የማን ዘመድ እንደሆነች ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ጠየቅኋት።"

"ጠየቅኋት ነው የምትይ?" ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። "አንቺ?"

ክንዱ ፊቱን ታጠበ። እናኑ ቀድማ ሄደች፤ እሱ ራቅ ብሎ ተከተለ፤ ሰው ሲያያቸው የማይተዋወቁ እንዲመስሉ።

ሲስተር ሸዋረጋ ሁለቱንም ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻቸው። ክንዱ እግሩ ረዥም ነው፤ ማጠፊያ አጥቶ የእንኳየሁን ምድጃ በጫማው ናደው። ልጅቱ አባቷን ባየች ጊዜ ወደ ግድግዳው ሸሽታ ነበር። አሁን ቀስ ብላ መጣችና የተናደውን ድንጋይ መልሳ ሰካችው። አሸዋ ሰፍራም ለአባቷ በክዳን ሰጠችው። ክንዱ ክዳኑን ይዞ ሲስተሯን አያት።

"ይብሉ እንጂ" አለች ሲስተሯ። "እንግዳ አይደሉም?"

በባዶ አፉ አኘከ። "ጨው ጎድሎታል" አለ። ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ ቅጠል ነስንሳ ጨመረችለት። ያን ጊዜ ክንዱ ክዳኑን አስቀመጠ።

"እንኳየሁ፣ ስሚኝ። ሸንኮራ ያመጣሁልሽ ለት ስለ ነገርሽኝ አይደለም የሄድሁ። አንቺ ያየሽውን ነው የተናገርሽ። እኔ ፈሪ ሆኜ ነው። ከእናትሽም ጋራ ድሮ ጀምሮ አልተስማማንም፤ አንቺ ሳትናገሪም መለያየታችን አይቀርም ነበር።"

እናኑ ተራዋ መሆኑን አወቀች። "ከተናገርሽ አባትሽን እናጣዋለን ያልሁሽ እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው ያልሁሽ። ይኸው አላጣነውም፤ ቤታችን አይኖርም እንጂ አባትሽ ነው። እኔም የትም አልሄድ። ብትናገሪ አልሄድም፤ ዝም ብትይም አልሄድም።"

ልጅቱ አሸዋውን በጣቷ ትጭራለች። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲያልፍ የጫማ ድምፅ ይሰማል፤ እያንዳንዱ ጫማ የእናኑን ልብ ይረግጠዋል። ከዚያ ልጅቱ ቀና አለች። ድምፅዋ የዛገ ማጠፊያ ይመስል ነበር።

"አጎቴስ?"

ክንዱ ዓይኑን ጨፈነ። እናኑ ወደ ሲስተሯ ማየት አልደፈረችም። ከሁሉ አስቀድማ የፈራችው ቃል ይህ ነበር፤ ይኸው በአንዳርጋቸው የአክስት ልጅ ፊት ወጣ። አንድ ውሸት ልትፈጥር አሰበች። የልጅቱን ዓይን አየችና ተወችው።

"አላውቅም" አለች። "ከእኛ ቤት ሄዷል። የት እንዳለ አላውቅም። እኔም እንዳንቺ እጨነቃለሁ።"

ሲስተር ሸዋረጋ ተነሣች። በሩን ከፍታ ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ አየች፤ ዘጋችው። እናኑ አበቃልን አለች። ሲስተሯ ግን ተመልሳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ክዳኗን አነሣች።

"ወጡ በረደ" አለች ለልጅቱ። "ለእኔም ጨምሪልኝ።"

ሰኞ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ አያ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ጭራቸውን ይዘው መሀል ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ጓድ አንዳርጋቸው ሽጉጡን ታጥቆ። ክንዱ ከፋይ ሆነና ንብረቱን ተናገረ። በአንድ ወገን አልጋውና ጎታው፣ በአንድ ወገን በጎቹና ሳጥኑ። እናኑ አልጋና ጎታውን አነሣች። እስከዚህ ሰላም ነው።

"አሁን ልጅቱ" አለ ጓድ አንዳርጋቸው።

ክንዱ እጁን አወጣ። "ልጅቱን አልከፈልኋትም፤ ስለዚህ መራጭም አታስፈልግም። ከእናቷ ትሁን። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አያታለሁ። ተስማምተናል።"

"ተስማማን ትላለህ?" አሉ አያ ወልደ ዮሐንስ። "ያለ ዋስ የት ተገናኝታችሁ?"

"ሐኪም ቤት፣ አያ" አለ ክንዱ። "ልጅ ታማብን።"

ሽማግሌው ጭራቸውን ወዘወዙ። "ለታመመ ልጅ ዋሱ ራሱ ልጁ ነው" አሉና አለፉት።

ጓድ አንዳርጋቸው ግን አላለፈም። "ውሳኔዬ ውሳኔ ነው። ትጠየቃለች። ነይ ሚሚ፣ መሀል ቁሚ። አፏ ተፈታ ሲሉ ሰምቻለሁ።"

እናኑ ወደ ሊቀመንበሩ ቀና አለች። ከማን ሰማ? እቴነሽ ናት ያወራች? ወይስ ሲስተሯ? እዚያ ክፍል የተባለውን ሁሉ ሰምቶ ይሆን ልጅቱን ያቆማት? እንኳየሁ መሀል ቆማለች። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ እሷ ትንሽ ናት።

"አትፍሪ" አለ ሊቀመንበሩ። "ለሐኪሟ እንዳወራሽላት ለእኛም አውሪልን። ከእናትሽ ነሽ ከአባትሽ? ቤታችሁስ እንዴት ነው? ሁሉንም ንገሪን።"

ልጅቱ እናቷን አየች። እናኑ ምልክት መስጠት አማራት፤ ዝም በይ የሚል፣ ወይ ተናገሪ የሚል። ምንም አላደረገችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አኑራ ልጇን አየቻት ብቻ። ልጅቱ አባቷንም አየች። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

"ዛሬ አልናገርም" አለች።

ከኋላ ያሉ ሴቶች ሳቁና አፋቸውን ያዙ። ጓድ አንዳርጋቸው አልሳቀም። "ታዲያ መቼ ነው የምትናገሪ?"

"እንጃ።"

"ድዳ አይደለሽማ።"

"አይደለሁም። ግን አልመርጥም።"

አያ ወልደ ዮሐንስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ መብቷን ተጠቀመች መሰለኝ" አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ እጃቸው ላይ ያለው ጭራ ግን ተንቀጠቀጠ። ጓድ አንዳርጋቸው ልጅቱን ትኩር ብሎ አያት። በመጨረሻ ሰውየው ወደ ጸሐፊው ዘወር ብሎ፣ "ከእናቷ ብለህ ጻፍ። ቀጣዮቹ ይግቡ" አለ።

ወጡ። ክንዱ በሩቁ እጁን አንሥቶ ተሰናበታቸውና ወደ ማራኪ አቅጣጫ ሄደ። እናኑና ልጇ የቀበሌውን አጥር ተከትለው ሄዱ። አጥሩ ዳር ጠብመንጃ የያዘ ጥበቃ አለ፤ ያ በአሰሳው ዕለት በርከክ ብሎ የጠየቃት ልጅ እግር ነው። እናኑ አንገቷን ደፋች። እንኳየሁ ግን እንደ ተከፈተ ምንጭ ሆናለች፤ የወራት ወሬ ነው የተጠራቀመባት።

"እማ፣ ያ ሰውዬ ምነው ሽጉጥ ታጥቆ ተቀመጠ? እማ፣ አባባ ቅዳሜ ሲመጣ በማኪና ነው? እማ፣ አጎቴስ በየት በኩል ነው የሄደ፣ በሊማሊሞ ነው?"

ጥበቃው ዞሮ አያቸው። ድዳ ናት የተባለችውን ልጅ ለያት። ዝም በይ የሚለው ቃል የእናኑ ጥርስ ላይ ደረሰ፤ ምላሷ ሊጥለው ተነሣ። ያዘችው።

"አባትሽ ቅዳሜ ነው የሚመጣ፣ በማኪና" አለች፤ ቃሏን ጥበቃው ይሰማዋል። ከዚያ ወደ ልጇ ጎንበስ አለች። "ሌላውን ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ። የማውቀውን ሁሉ።"

"ቤት ስንገባ?"

"ቤት ስንገባ።"

የጥበቃው ዓይን ከጀርባቸው አልተነሣም፤ እናኑ ሳትዞር ታውቀዋለች። እንኳየሁ ግን ወደ ቤት ለመድረስ ቸኩላ እናቷን በእጇ እየጎተተች ከፊት ከፊት ትሄዳለች።